ጫማ የሚወድቅበት ቦታ፦ የአንድ ጠባብ የቤት መግቢያ የጉዳይ ጥናት

በሩ እስከ መጨረሻው አይከፈትም። ለመግቢያው ተብሎ የተገዛው የጫማ መደርደሪያ 35 ሴ.ሜ ጥልቀት አለው፤ የቆመውም መዝጊያው ወደሚዞርበት ግድግዳ ተጠግቶ፣ ከደፉ 62 ሴ.ሜ ገባ ብሎ ነው። መዝጊያው 70 ዲግሪ ያህል እንደ ዞረ ከመደርደሪያው ጠርዝ ጋር ይላተማል። 90 ሴ.ሜ ስፋት ያለው በር እዚህ ላይ ሲቆም፣ ቀጥ ብሎ ለሚገባ ሰው የሚተርፈው ክፍተት 55 ሴ.ሜ ገደማ ብቻ ነው፤ በሁለት እጁ ዕቃ የያዘ ሰው ጎኑን አዙሮ ይሾልካል። የሚገርመው ግን ይህን ሁሉ ቦታ የወሰደው መደርደሪያ ግማሹ ባዶ መሆኑ ነው። ጫማዎቹ ከመደርደሪያው ትይዩ፣ ከበሩ በስተቀኝ ወለሉ ላይ ተበትነዋል።

በቤቱ አምስት ሰዎች ይኖራሉ፦ ባልና ሚስት፣ የ74 ዓመት አያት፣ የ11 እና የ6 ዓመት ልጆች። መግቢያው መስኮት የሌለው መተላለፊያ ሲሆን ስፋቱ 1.28 ሜትር፣ ርዝመቱ 3.10 ሜትር፣ ከፍታው 2.60 ሜትር ነው። ሲገቡ በግራ ያለው ግድግዳ በብሎኬት ተሠርቶ የተለሰነ ነው፤ በቀኝ ያለው የጂፕሰም ቦርድ ነው። የግራው ግድግዳ የመጨረሻ 95 ሴ.ሜ ክፍት ሆኖ ወደ ሳሎን ያስገባል። የብሬከር ሣጥኑ በግራው ግድግዳ ላይ፣ መዝጊያው ሲከፈት በሚሸፍነው ቦታ፣ በ165 ሴ.ሜ ከፍታ ላይ ተተክሏል። ቀለሙ ነጭና የማያብረቀርቅ ነው። መብራቱ ጣሪያው መካከል ላይ ያለ አንድ አምፖል ነው።

የቤቱ ሰዎች ጥያቄ «መግቢያውን እናሳምረው» የሚል ነበር። አዲስ ነገር ከመግዛት በፊት ግን አንድ ሳምንት ምንም ሳይነካ እንዲቆይ ተደረገ።

የሳምንቱ ቆጠራ

ሰባት ቀን ማታ ማታ፣ ሁሉም ከገባ በኋላ፣ ከአንድ ቦታ ላይ ሆኖ አንድ ፎቶ ይነሳል። ከዚህ ያለፈ ዘዴ አያስፈልግም። ፎቶዎቹ ጎን ለጎን ሲታዩ ወለሉ ላይ 14 ጥንድ ጫማ ተቆጠረ፤ በዚያ ሳምንት የተደረጉት ግን 9 ጥንድ ብቻ ነበሩ። የተሰቀሉት ካፖርትና ጃኬቶች ስድስት ሲሆኑ ሦስቱ ከቦታቸው አልተንቀሳቀሱም። ሁለት የትምህርት ቤት ቦርሳ፣ ሁለት ጃንጥላ፣ አራት የቁልፍ መያዣ፣ ካልተከፈቱ ፖስታዎችና ደረሰኞች ጋር።

ከቁጥሩ በላይ የጠቀመው ግን ጫማው የወደቀበት ቦታ ነው። በሰባቱም ፎቶዎች ላይ ጫማዎቹ ከደፉ አንድ ሜትር ባልሞላ ርቀት፣ በቀኝ በኩል ነው የተከመሩት። ምክንያቱ ግድግዳው ላይ ተጽፏል ማለት ይቻላል፦ በዚያው ቦታ፣ ከ100 እስከ 130 ሴ.ሜ ከፍታ ላይ የእጅ አሻራ ነጩን ቀለም አጥቁሮታል። ማጠፊያው በግራ ስለሆነ የሚገባ ሰው ወደ ቀኝ ገለል ብሎ በሩን ይዘጋል፤ ከዚያ በአንድ እግሩ ቆሞ ጫማውን ለማውለቅ እጁን የቀኙ ግድግዳ ላይ ያሳርፋል። ጫማው እጁ ባረፈበት ሥር ይወድቃል። አሮጌው መደርደሪያ ጋ ለመድረስ መጀመሪያ በሩን መዝጋት፣ ቀጥሎ ወደ ማዶ መሻገር፣ ከዚያ ማጎንበስ ያስፈልጋል። ሦስቱንም በየቀኑ የሚያደርግ ሰው የለም፤ ልጅን መቆጣት እዚህ ላይ የሚያመጣው ለውጥ የለም።

ስለዚህ የጫማው ቦታ ተወሰነ። ጫማው አሁን ካለበት አይንቀሳቀስም፤ መደርደሪያው ነው ወደ ጫማው የሚሄደው።

ከመቃኑ ጀርባ ያለችው 26 ሴ.ሜ

የበሩ ማጠፊያ ከግራው ግድግዳ 12 ሴ.ሜ ይርቃል። መዝጊያው 90 ሴ.ሜ ነው። ከ128 ሴ.ሜ ላይ ሁለቱ ሲቀነሱ በቀኝ በኩል፣ በመቃኑና በግድግዳው መካከል 26 ሴ.ሜ ይተርፋል። ይህች ቁራጭ ቀጥ ብሎ የሚገባ ሰው የማይረግጣት ናት፤ ከ26 ሴ.ሜ ያልበለጠ ጥልቀት ያለው ማንኛውም ዕቃ እዚያ ቢቆም በሩን አያጠብም። ብዙ መግቢያዎች እንዲህ ያለ ቁራጭ አላቸው፣ ግን ከመቃን እስከ ግድግዳ ያለውን ርቀት የሚለካ ሰው ጥቂት ነው።

ወለሉ ላይ የበሩን ቅስት መሳል ሁለተኛው ሥራ ነበር። ክር ማጠፊያው ሥር ይያዛል፤ በ90 ሴ.ሜ ርዝመት ጠመኔ ታስሮበት ከመቃን እስከ ግድግዳ ይሰመራል። በቅስቱ ውስጥ ከመዝጊያው ሥር ካለው ክፍተት የሚረዝም ነገር አይቀመጥም። መዝጊያው ሲከፈት ከግራው ግድግዳ የሚርቀው 12 ሴ.ሜ ነው፤ እጀታው ከዚህ ላይ 6ቱን ይወስዳል። በብዙ ቤት የሚደረገው ከበር ጀርባ ልብስ መስቀል እዚህ ቤት የተከለከለው ለዚህ ነው። ኮት ከተሰቀለበት መዝጊያው አይጠጋም፤ የብሬከሩ ሣጥንም ይሸፈናል፤ መብራት በጠፋ ሌሊት ሰው በዳሰሳ የሚፈልገው ያንኑ ሣጥን ነው። ያ ግድግዳ ባዶ ሆኖ ቀረ። እጀታው የሣጥኑን ክዳን እንዳይመታ ወለሉ ላይ የጎማ ማቆሚያ በአንድ ፊሸር (ብሎን የሚገባበት የፕላስቲክ መያዣ) እና በአንድ ብሎን ታሰረ።

በቀኝ የቆመው አዲሱ መደርደሪያ ጥልቀቱ 20፣ ስፋቱ 100፣ እስከ ላይኛው ገጹ ከፍታው 104 ሴ.ሜ ነው። ክዳኖቹ ወደ ፊት ይዘነበላሉ፤ ጫማው አፍንጫውን ወደ ታች አድርጎ ስለሚቆም ነው ጥልቀቱ ያነሰው። የአንድ ትልቅ ሰው ጥንድ ጫማ ስፋት ከ20 እስከ 22 ሴ.ሜ ነው፤ በአንድ ክዳን አራት ጥንድ፣ በሁለቱ ስምንት ይገባል። ሳጥኑ ግን ወለሉ ላይ አልተቀመጠም፤ 20 ሴ.ሜ በሆኑ እግሮች ላይ ቆሟል። ከሥሩ ያለው ክፍተት ለእለቱ ጫማ ነው፦ እዚያ የተዘረጋው ዝቅተኛ ትሪ አራት ጥንድ ይይዛል፤ እርጥብ ጫማ አየር እያገኘ ይደርቃል። ጫማው 30 ሴ.ሜ ያህል ስለሚረዝም ተረከዙ 10 ሴ.ሜ ብቅ ይላል፤ ይህ አይከፋም፣ ሰው እግሩን ብቻ አስገብቶ መሄድ ይችላል። እርጥብ ጫማ የሚዘጋበት መደርደሪያ ሽታና ሻጋታ ያመጣል፤ ለዚህም የጀርባው ኮምፔንሳቶ ላይ በእያንዳንዱ ክዳን ትይዩ 3 ሴ.ሜ ስፋት ያላቸው አራት አራት ቀዳዳዎች ተበስተው፣ ሣጥኑ ከግድግዳው 1 ሴ.ሜ ራቅ ተደርጎ ታሰረ።

ድምሩ 12 ጥንድ ነው። አምስት ሰው እያንዳንዱ ሁለት ሁለት ጥንድ፣ ለእንግዳ ደግሞ ሁለት ጥንድ። የቀረው ወደ መኝታ ቤት ገባ። ይህ ቁጥር ካልተወሰነ ምንም መደርደሪያ አይበቃም።

እንዲህ ቀጭን ሆኖ ረዥም የሆነ ሣጥን ክዳኖቹ ሲከፈቱ ክብደቱ ወደ ፊት ይመጣል፤ ልጅ ቢንጠለጠልበት ይወድቃል። ክብደቱን እግሮቹ ይሸከማሉ፣ ግድግዳው የሚይዘው ከመውደቅ ብቻ ነው፤ በሁለት የማዕዘን ብረት ከላይ ከግድግዳው ውስጥ ጂፕሰሙን ከያዘው የብረት ቋሚ ጋር ታስሯል። ሌላም ምክንያት አለ፦ 104 ሴ.ሜ ማለት ጫማ የሚያወልቅ ሰው እጁን የሚያሳርፍበት ከፍታ ነው። ድሮ ቀለሙን ያጠቆረው እጅ አሁን የሚያርፈው እዚህ ገጽ ላይ ስለሆነ፣ ሣጥኑ መወዛወዝ የለበትም።

የተነቀሉት መስቀያዎች

የቀኙ ግድግዳ ላይ ሁለት ትልልቅ ቀዳዳዎች ነበሩ፤ የልጆቹ ቦርሳ የተሰቀለባቸው መንጠቆዎች ከነፊሸራቸው ወጥተው ነው። መንጠቆዎቹን የሰቀለው ሰው በእያንዳንዱ ሁለት ባለ 8 ሚሊ ሜትር ፊሸር መትቷል፤ ያ ፊሸር በብሎኬት ግድግዳ ላይ ቢሆን ኖሮ በደንብ ይይዝ ነበር። ተራው የፕላስቲክ ፊሸር የሚሠራው ብሎኑ ሲገባበት አብጦ ዙሪያውን ያለውን ጠንካራ ነገር በመግፋት ነው። የጂፕሰም ቦርድ ውፍረት 12.5 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከኋላው ባዶ ነው፤ የሚገፋው ነገር የለም። ቦርሳው ደግሞ ወደ ታች ብቻ አይጎትትም። መንጠቆው ከግድግዳው 6 ሴ.ሜ ወጣ ስለሚል ላይኛውን ብሎን ወደ ውጭ ይስባል፤ 6 ኪሎ ቦርሳ ዝም ብሎ ሲንጠለጠል የሚችለው ፊሸር፣ ልጁ ቦርሳውን ከሩቅ ሲወረውርበትና ማሰሪያውን ይዞ ሲጎትት አይችለውም።

መፍትሔው ቋሚዎቹን መፈለግ ነው። ትንሽ ማግኔት በግድግዳው ላይ ቀስ ብሎ ሲንሸራተት ጂፕሰሙን ከብረቱ ጋር ባሰሩት ብሎኖች ጭንቅላት ላይ ይጣበቃል፤ ከላይ ወደ ታች ሁለት ሦስት ቦታ ከያዘ መስመሩ ተገኘ ማለት ነው። እዚህ ቤት ቋሚዎቹ በየ60 ሴ.ሜ ናቸው፦ ከደፉ 32፣ 92፣ 152፣ 212 እና 272 ሴ.ሜ ላይ። በዚህ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ነገር ሁሉ ቦታውን ያገኘው ከእነዚህ ቁጥሮች ነው። መደርደሪያው የታሰረው በ32 እና በ92 ላይ ነው። ለልጆቹ መስቀያ 18 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ 10 ሴ.ሜ ወርድና 90 ሴ.ሜ ርዝመት ያላቸው ሁለት ጣውላዎች ተዘጋጅተው፣ ከ205 እስከ 295 ባለው ቦታ፣ በ212 እና በ272 ላይ፣ በእያንዳንዱ ቋሚ ሁለት ሁለት ራሱን የሚበሳ የብረት ብሎን ተመትቶባቸዋል። መንጠቆዎቹ የታሰሩት ከጣውላው ጋር እንጂ ከጂፕሰሙ ጋር ስላልሆነ የትም ቢሆኑ ለውጥ የለውም።

ከፍታቸው 100 እና 125 ሴ.ሜ ነው። የስድስት ዓመቱ ልጅ ያለ እርዳታ የሚደርስበት 100 ነው፤ የትልቋ ቦርሳ በታችኛው ረድፍ ላይ እንዳይደራረብ የሁለቱ መንጠቆዎች ጎን ለጎን እንጂ አንዱ ከአንዱ በላይ አልተደረጉም። ቦታው ከሳሎኑ መግቢያ ትይዩ በመሆኑ የሚወጣው ቦርሳ መተላለፊያውን አያጠብም።

አግዳሚውና ካፖርቱ

አያት ቆመው ጫማ ማድረግ አይችሉም። መቀመጫ የግድ ነው፤ ነገር ግን በ128 ሴ.ሜ መተላለፊያ ላይ 20 ሴ.ሜ መደርደሪያ ካለ በኋላ 35 ሴ.ሜ መቀመጫ ከትይዩው ቢቆም የሚቀረው 73 ሴ.ሜ ነው። ሰው በምቾት ለመተላለፍ ቢያንስ 90 ይፈልጋል። ስለዚህ ሁለቱ ፊት ለፊት አልተደረጉም። መደርደሪያው ከደፉ በ106 ሴ.ሜ ላይ ሲያልቅ፣ አግዳሚው በግራው ግድግዳ ከ112 ጀምሮ እስከ 202 ይሄዳል፤ ጥልቀቱ 32 ነው፣ 96 ሴ.ሜ መተላለፊያ ይተርፋል። ከበሩ ቅስት ውጭ ነው።

ፎቶ ላይ የሚያምረው የተለመደው አሠራር አግዳሚ፣ ከበላዩ ደግሞ ዳር እስከ ዳር መስቀያ ነው። ሲኖሩበት ግን ችግር አለው። በ170 ሴ.ሜ ከፍታ ላይ የተሰቀለ ካፖርት ከ90 እስከ 100 ሴ.ሜ ይረዝማል፤ ከግድግዳው 25 ሴ.ሜ ያህል ይወጣል፤ 32 ሴ.ሜ ጥልቀት ያለው አግዳሚ ላይ የተቀመጠ ሰው ጀርባውን የሚያሳርፈው እርጥብ ልብስ ላይ ነው። ለዚህ የአዋቂዎቹ መስቀያ ከደፉ ሲለካ ከ98 እስከ 138 ባለው ብቻ ተወሰነ፤ ሦስት መንጠቆ፣ በ16 ሴ.ሜ ልዩነት። ከ140 በኋላ ያለው የአግዳሚው ክፍል በላዩ ላይ ምንም የለበትም፤ አያት የሚቀመጡት እዚያ ነው። በመስቀያው ሥር ያለው ቀሪ ለእጅ ቦርሳ ሆነ።

ከሦስቱ መንጠቆ አንዱ ሁልጊዜ ባዶ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ያልተነኩት ሦስት ካፖርቶች ወደ ቁም ሣጥን የገቡት ለዚህ ነው። እንግዳ ካፖርቱን በእጁ ይዞ «የት ላድርገው» ብሎ የሚዞርበት መግቢያ፣ አበባ ቢኖረውም ምንጣፍ ቢኖረውም፣ ተቀባይ አይባልም።

የብሎኬቱ ግድግዳ እዚህ አላስቸገረም፤ 8 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ፣ ባለ 8 ፊሸር፣ ባለ 5 በ60 ብሎን በአራት ቦታ። ልስኑ 2 ሴ.ሜ ያህል ውፍረት ስላለው ብሎኑ ከዚያ አልፎ ብሎኬቱን መያዙ መረጋገጥ አለበት፤ አጭር ብሎን ልስኑን ብቻ ይዞ ከጊዜ በኋላ ከነልስኑ ይወጣል።

መስታወት

ሙሉ አካልን ለማየት የሰውየውን ቁመት ግማሽ የሚያክል መስታወት ይበቃል፤ ራቅ ወይም ቀረብ ማለት ይህን አይለውጠውም። ቁም ነገሩ ከፍታው ነው። የላይኛው ጠርዝ በዓይንና በራስ ቅል መካከል፣ የታችኛው በዓይን ከፍታ እኩሌታ ላይ መዋል አለበት። አባትየው 1.82 ሜትር ናቸው፣ ዓይናቸው 1.70 ላይ ነው፤ ላይኛው ጠርዝ ቢያንስ 176 ሴ.ሜ ላይ መድረስ አለበት። ትንሹ ልጅ 1.15 ነው፣ ዓይኑ 1.04 ላይ ነው፤ ጫማውን ለማየት የታችኛው ጠርዝ ከ52 ሴ.ሜ መብለጥ የለበትም። ሁሉንም የሚያገለግለው ከ48 እስከ 178 ያለ፣ 130 በ40 ሴ.ሜ የሆነ መስታወት ነው።

የ4 ሚሊ ሜትር መስታወት በካሬ ሜትር 10 ኪሎ ይመዝናል፤ ይህኛው ብቻውን 5.2 ኪሎ፣ ከ9 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ጀርባው ጋር 8 ኪሎ ያህል ይሆናል። ጠርዙ ለልጆች ጉልበት ቅርብ ስለሆነ፣ ቢሰበር ስብርባሪው እንዳይረግፍ ጀርባው ላይ የሚለጠፍ ፊልም ያለበት ዓይነት ተመርጧል። ማዕከሉ ከደፉ 152 ላይ የዋለው ቋሚው ብረት እዚያ ስለሆነ ነው።

ከበሩ ፊት ለፊት ባለው ግድግዳ ላይ እንዲሰቀል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። አልተቀበሉትም፤ ጥሩ አደረጉ። በሩ በተከፈተ ቁጥር የውጭው ብርሃን ተመልሶ ዓይን ይወጋል፣ የሚገባውም ሰው ከቤቱ በፊት ራሱን ነው የሚያየው። የጎን ግድግዳ ላይ ሲሆን ግን ጠባቡን መተላለፊያ ሰፋ ያደርገዋል። መስታወት ፊቱ ያለውን ነገር ሁሉ እጥፍ እንደሚያደርግ መዘንጋት አይገባም፤ እዚህ ፊቱ ያለው ባዶው መቀመጫ ነው፤ ከካፖርቶቹ የሚታየው ጠርዙ ላይ ያለው ጥቂቱ ብቻ ነው። ቋሚው ብረት 20 ሴ.ሜ ገባ ቢል ኖሮ ያም ባልታየ።

መብራት

አሮጌው አምፖል 6500 ኬልቪን የሚባለው ሰማያዊ ያዘለ ነጭ ነው፤ የሰው ፊት ግርጥት ያለ ያስመስላል። ትልቁ ጉድለቱ ግን ቦታው ነው። በ128 ሴ.ሜ መተላለፊያ መካከል ያለ መብራት መስታወት ለሚያይ ሰው ልክ አናቱ ላይ ነው የሚሆነው፤ ዓይኑና አገጩ ሥር ጥላ ይጥልበታል።

ወለሉ 4 ካሬ ሜትር ያህል ነው። ለመተላለፊያ ወለል ላይ 150 ሉክስ (በካሬ ሜትር 150 ሉመን ብርሃን) ቢታሰብ 600 ሉመን ይሆናል፤ ግድግዳው፣ ካፖርቱና የመብራቱ ክዳን ግማሹን ስለሚበሉት 1200 አካባቢ ያስፈልጋል። ለጣሪያው 800 ሉመን፣ ለመስታወቱ ግራና ቀኝ ደግሞ 300 ሉመን ያላቸው ሁለት ቀጫጭን የግድግዳ መብራቶች ተመደቡ፤ ሁሉም 2700 ኬልቪን፣ ማለትም ወደ ቢጫ የሚያደላ ነጭ። ከፍታቸው ማዕከላቸው 160 ሴ.ሜ ላይ ነው፤ ፊትን ከሁለት ጎን ሲያበሩ ጥላው ይጠፋል። የቀለም ታማኝነት መለኪያው (CRI) ከ100 90 እና ከዚያ በላይ የሆነ ቢገኝ ይመረጣል፤ ጥቁር ሰማያዊ ካልሲና ጥቁር ካልሲ የሚለየው በእሱ ነው።

የጣሪያው መብራት ሰው ሲገባ ራሱ የሚበራ ሆነ፤ እጅ ሙሉ ሲሆን ማብሪያ መፈለግ አይኖርም። እዚህ ላይ ሁለት ስህተት ተሠርቶ ነበር። መጀመሪያ ሰዓቱ 30 ሴኮንድ ተደርጎ፣ አያት አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ጫማ ሲያስሩ መብራቱ ጠፋባቸው፤ ሴንሰሩ የሚያየው እንቅስቃሴን ነው፣ ዝግ ብሎ የተቀመጠን ሰው እንደሌለ ይቆጥረዋል። 3 ደቂቃ ተደረገ። ሁለተኛው፣ ሳሎን ውስጥ ሰው በተንቀሳቀሰ ቁጥር መብራቱ እየበራ አስቸገረ፤ ወደ ሳሎን የሚያየው የሴንሰሩ መስታወት ግማሽ በጥቁር ፕላስተር ሲሸፈን ተወው። ሽቦው የተዘረጋው ቀለም ከመቀባቱ በፊት ነው። ይህ ቅደም ተከተል ከተገለበጠ ግድግዳው ሁለት ጊዜ ይቀባል።

ወለሉና ቀለሙ

የድሮው የእግር መጥረጊያ 14 ሚሊ ሜትር ውፍረት ነበረው፤ ከመዝጊያው ሥር ያለው ክፍተት 7 ነው። በሩ በተከፈተ ቁጥር መጥረጊያው ተጠቅልሎ ይቆማል፤ ከቤቱ ሰዎች አንዱ በእግሩ ይገፋዋል። የእንጨት መዝጊያ በመሆኑ ተነቅሎ ከሥሩ 4 ሚሊ ሜትር ተላገ፤ የተላገው እንጨት እርጥበት ስቦ እንዳያብጥ ወዲያው ቫርኒሽ ተቀባ። አሁን ክፍተቱ 11 ነው፤ አዲሱ መጥረጊያ 7 ሚሊ ሜትር። የብረት በር አይላግም፤ እንዲህ ያለ ቤት መጥረጊያውን ከቅስቱ ውጭ መጀመር ይኖርበታል።

የአዲሱ መጥረጊያ ርዝመት 150 ሴ.ሜ የሆነው በእርምጃ ተሰልቶ ነው። የሰው እርምጃ 70 ሴ.ሜ ገደማ ቢሆን፣ ሁለቱም እግሮች አንድ አንድ ጊዜ ይረግጡታል። ከውጭ 60 በ90 የሆነ ሸካራ የጎማ መጥረጊያ አለ፤ የውጭው አሸዋና ጭቃውን ይፍቃል፣ የውስጡ እርጥበቱን ይመጥጣል። አንዱ የሌላውን ሥራ አይሠራም፤ ውስጥ ብቻ ከሆነ ጭቃው ክሩ ውስጥ ገብቶ መጥረጊያው ራሱ ቆሻሻ ማሰራጫ ይሆናል።

ቀለሙ ላይ ትልቁ ውሳኔ መስመሩ ነው። ከወለል እስከ 104 ሴ.ሜ፣ ማለትም እስከ መደርደሪያው ገጽ፣ የሚታጠብ ከፊል አብረቅራቂ ቀለም ጠቆር ባለ አረንጓዴ፤ ከዚያ በላይ ሞቅ ያለ ነጭ። የማያብረቀርቅ ቀለም እድፉ ሲፈተግ ይገረጣል ወይም የተፈተገው ቦታ ብቻ ያበራል፤ ቦርሳና ጫማ የሚነካው ግን የታችኛው አንድ ሜትር ነው። መስመሩ ከመደርደሪያው ጋር እኩል በመሆኑ መደርደሪያው ከግድግዳው የበቀለ ይመስላል። ከበሩ ፊት ለፊት ያለውን ግድግዳ ጨምሮ አረንጓዴ የሚቀባው 9 ካሬ ሜትር ያህል ነው፤ ሁለት ጊዜ ሲቀባ 18፣ በሊትር 10 ካሬ ሜትር ቢሸፍን ሁለት ሊትር ያህል። አሮጌው ገጽ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ፣ የእጅ እድፉ በሳሙና ውሃ ታጥቦ ነው የተቀባው፤ የእጅ ወዝ ላይ የተቀባ ቀለም ይላጣል። የመስመሩ ፕላስተር የሚነሳው ሁለተኛው ቅብ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ ነው፤ ደርቆ ከተነሳ ጠርዙን ይዞ ይመጣል።

በሩን የሚከፍት ሰው መጀመሪያ የሚያየው ፊት ለፊት ያለውን ግድግዳ ነው። እሱ ከላይ እስከ ታች አረንጓዴ ሆነ፤ ጠቆር ያለ ቀለም ግድግዳውን ወደ ሰው ስለሚያቀርበው ረዥሙ መተላለፊያ አጠር ይላል። አንድ 60 በ80 ሴ.ሜ የሆነ ሥዕል፣ ማዕከሉ 150 ሴ.ሜ ላይ። ሌላ ጌጥ የለም።

ከስድስት ሳምንት በኋላ

ፎቶው በድጋሚ ሰባት ቀን ተነሳ። ወለሉ ላይ ያለው ጫማ በአብዛኛው ትሪው ላይ ያሉት አራቱ ናቸው፤ ሁለት ቀን አምስተኛና ስድስተኛ ጥንድ ከጎኑ ታይቷል። በሩ 90 ዲግሪ ይከፈታል።

ያልሠሩም አሉ። የአባትየው ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን የሥራ ጫማ ክዳኑ ውስጥ አልገባም፤ ክዳኑ ክፍት ሆኖ ሲቀር ማጠፊያው ተጣመመ። ጫማው አሁን ቋሚ ቦታው ትሪው ላይ ነው፤ ትሪው ለቀሪው ሰው ሦስት ጥንድ ሆነ ማለት ነው። አግዳሚው 45 ሴ.ሜ ከፍታ ነበረው፤ አያት ሲነሱ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ይጭኑ ስለነበር ከእግሮቹ ሥር 3 ሴ.ሜ ተጨምሮ 48 ሆነ፤ ግድግዳው ላይም በ75 ሴ.ሜ ከፍታ አጭር መያዣ ታሰረ። ልጁ ግን እግሩ ወለል አይነካም፤ ወለሉ ላይ ተቀምጦ ነው የሚያስረው።

መደርደሪያው ላይ የተቀመጠው ሰፊ ሳህን ለቁልፍ ተብሎ ነበር፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ በደረሰኝና በሳንቲም ሞላ። ጠፍጣፋ ሰፊ ነገር ሁሉንም ይቀበላል። በ12 ሴ.ሜ ሳህን ተተካ፤ ወረቀቱ ደግሞ ጎኑ ላይ በታሰረ፣ ወረቀት ቆሞ በሚገባበት 3 ሴ.ሜ ስፋት ባለው ኪስ ውስጥ ይገባል፤ ሲሞላ ስለሚታይ ይጸዳል። ለማስዋብ የገባችው የሸክላ ተክል መስኮት በሌለበት ቅጠሏ ቢጫ እየሆነ መርገፍ ስለጀመረ ወደ ሳሎን ተዛወረች፤ በቦታዋ ምንም አልተተካም።

የ11 ዓመቷ ልጅ ቦርሳዋን አሁንም አግዳሚው ላይ ነው የምትጥለው። መንጠቆዋ ከበሩ 2.7 ሜትር ይርቃል፣ አግዳሚው ደግሞ ከመንጠቆው በፊት ይገኛል። ቦርሳው የሚወድቀው መስቀያ በሌለበት ባዶው ጫፍ ላይ ስለሆነ፣ በቀጣይ የሚሞከረው መንጠቆዋን ከመስታወቱ ቀጥሎ ወዳለው የጣውላ ጫፍ ማምጣት ነው፤ ጣውላው ስላለ ሥራው ሁለት ብሎን ፈትቶ ማሰር ብቻ ነው።